ከደብረ ወርቅ እስከ ባሕር ዳር፤ ፋብሪካ ያሳደገው ከተማ

ከተማም እንደ ሰው የልደት ታሪክ አለው። አንዱ በመኳንንት ግቢ ዙሪያ፣ ሌላው በደብር ጥላ ሥር፣ ሦስተኛውም በገበያ ሜዳ ላይ ተወልዶ ያድጋል። በጎጃም ምድር ከሦስቱም ዓይነት ይገኛል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ግን አንድ የሐይቅ ዳር መንደር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የፋብሪካ ከተማ ለመሆን በቃ፤ እርሱም ባሕር ዳር ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት የሚሻ አንባቢ ጉዞውን በአይሮፕላን ሳይሆን በእግረ ምድር፣ ያውም ከምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ወርቅ ቢጀምር ይሻለዋል። አሮጌውን ያላየ ሰው አዲሱን ሊመዝነው አይችልምና።

ደብር የተከለው ከተማ

የዓባይን በረሓ ተሻግሮ ደጀን የወጣ መንገደኛ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን የሚታጠፈውን መንገድ ቢይዝ ብቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር ይደርሳል። ይህ መንገድ በደብረ ማርቆስና በዳንግላ ከሚዞረው ይልቅ አጭር ነው። በስተ ግራ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። በስተ ቀኝ ደግሞ ምድሩ ደረጃ በደረጃ እያዘቀዘቀ ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳል። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ የታወቀ የጤፍ አገር ነው፤ አዝመራው ደርሶ ነፋስ ሲያወዛውዘው ላየ ሰው ሌላ ሐይቅ የተንጣለለ ይመስለዋል።

ደብረ ወርቅ ማለት በግዕዝ የወርቅ ተራራ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የከተማው ሀብት ከመሬት የሚቆፈር ወርቅ ሳይሆን ደብሩ ነው። የደብረ ወርቅ ማርያም ከጥንታውያን የጎጃም ገዳማትና አድባራት አንዷ ስትሆን፣ በውስጧ የምትገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል የሣላት ወንጌላዊው ሉቃስ ነው የሚል ትውፊት አለ። ከዚህም የተነሣ ከሩቅም ከቅርብም ምእመናን ለመሳለም ይመጡባታል። ቤቱም፣ ሱቁም፣ ገበያውም የቆመው የደብሩን ግቢ ተጠግቶ ነው።

እንዲህ ያለ ከተማ የራሱ ሥርዓት ነበረው። መሬቱ የደብሩና የባለርስቱ ነበረ። ካህኑ ይቀድሳል፤ መሪጌታው ያስተምራል፤ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከቅኔ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ይዞራል። በብቸና አገር የምትገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በዚህ ረገድ ስሟ የገነነ ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ያውቃታል።

ነገር ግን በዚያው ከተማ ጫፍ ላይ ሌላ ሰው አለ፤ ይኸውም ሸማኔው ነው። እመቤቲቱ በእንዝርት የፈተለችውን ጥጥ ተቀብሎ፣ ድሩን አድርቶ፣ ከጕድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያፈራረቀ ኩታውንና ቀሚሱን ይሠራል። ካህኑ የሚቀድስበትን ልብስ፣ ሙሽራዪቱ የምትዳርበትን ቀሚስ፣ ሙታን የሚገነዙበትን ጨርቅ የሚሠራ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ብረት ቀጥቃጩ፣ እንደ ቆዳ ፋቂውና እንደ ሸክላ ሠሪዋ ሁሉ ስሙ በክብር አይነሣም ነበር። ከተማው ያለ እነርሱ አንድ ቀን መዋል አይችልም፤ ነገር ግን ልጁን አይድርላቸውም፣ ከማዕዱም አያቀርባቸውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ዐዋጁ ቢነገርም ልማዱ በአንድ ቀን አልጠፋም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ባሕር ዳር ስንደርስ ያስፈልገናልና።

ሞጣና ሰባራው ድልድይ

ከደብረ ወርቅ ወደ ሰሜን ሲኬድ ሞጣ ይገኛል። ሞጣን ከፍ ያደረጉት በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር አቋቁመው ርስትና ጉልት ስለ ሰጡት፣ ከተማው በደብሩና በገበያው ላይ ቆመ። ደብረ ማርቆስም ቢሆን ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረ የመኳንንት መቀመጫ ሲሆን፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ የዛሬ ስሙን ያገኘ ነው። ከዚህ የምንረዳው በቀድሞው ዘመን ጎጃም ውስጥ ከተማ የሚተክሉት መስቀልና ዘውድ እንደ ነበሩ ነው።

ከሞጣ ወደ ምሥራቅ፣ ዓባይ ከጥልቅ ገደል ውስጥ በሚጮህበት ቦታ፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ይገኛል። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ይህ ድልድይ በኢጣልያ ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ስለ ቀረ ሕዝቡ «ሰባራ ድልድይ» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ከወዲህና ከወዲያ ያሉት ዘመዳሞች ለገበያና ለልቅሶ ሲሻገሩ፣ ወገባቸውን በገመድ አስረው ከገደሉ በላይ በሰው ጕልበት ይሳቡ ነበር። በያዝነው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን የፈረሰው ተጠግኖ መሸጋገሪያ ተበጀለት። ጦርነት አንድ ድልድይ ለመስበር ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል፤ የተሰበረውን ለመቀጠል ግን ከ60 ዓመት በላይ ፈጀ።

የሐይቁ ዳር መንደር

ከሞጣ በአዴት በኩል ሲወርዱ ደጋው ቀስ በቀስ ወደ ወይና ደጋ ይለወጣል። አየሩ ይሞቃል፤ ዋርካና ሾላ ይበዛል። በመጨረሻም ጣና ወለል ብሎ ይታያል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው ከዚሁ ከባሕር ዳር አጠገብ ነው።

ባሕር ዳር ከመቶ ዓመት በፊት በቤተ ክርስቲያኑ የሚታወቅ መንደር ነበረ። በጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ዛሬም የሚታየው ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት በ17ኛው መቶ ዓመት በዚህ አገር የኖረው የኢየሱሳዊው ሚሲዮን ፔድሮ ፓኤዝ ሥራ እንደ ሆነ ይነገራል። በሐይቁ ጠርዝ ላይ ደግሞ ነገደ ወይጦ የሚባሉት ወገኖች ይኖሩ ነበር። ደንገል አጭደው፣ አድርቀውና አስረው ታንኳ ይሠራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በቀድሞው ዘመንም ጉማሬ ያድኑ ነበር። ከዘጌ ቡናና ማገዶ የሚያመላልሰው፣ ለደሴቶቹ ገዳማት እህል የሚያደርሰው ይኸው የደንገል ታንኳ ነበረ።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያኖች መንደሩን ያዙ። ለጦራቸው የሚጠቅመውን መንገድ፣ የጀልባ መጠጊያና የአይሮፕላን ማረፊያ አበጁ። የብቸና፣ የሞጣና የደብረ ወርቅ አገር ግን አልተኛም፤ አርበኞች ጠላትን ዕረፍት ነሥተው አምስት ዓመት ተዋጉት። ከእነርሱም መካከል ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው የብቸናው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው። ዛሬ የባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። በዚህም የደጋው አርበኛና የሐይቁ ዳር ከተማ በአንድ ስም ተሳስረዋል። የሁለቱ መተሳሰር ግን በስም ብቻ አይደለም።

የደም ካሣ

በአገራችን ልማድ ደም ያፈሰሰ ወገን ደሙ ለፈሰሰበት ወገን ካሣ ይከፍላል። ካሣ የሞተውን አያስነሣም፤ ነገር ግን በደሉ በደል መሆኑን በአደባባይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦርነት ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ክፍያው ብዙ ካነጋገረ በኋላ ሁለቱ መንግሥታት በ1948 ዓ.ም. ከዚያ ባነሰ ገንዘብ ተስማሙ። በዚሁ ገንዘብ ከአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠራ። በጣና ዳር ደግሞ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመ፤ ሥራውንም በ1953 ዓ.ም. ጀመረ።

እንግዲህ ይህ ፋብሪካ ተራ ፋብሪካ አይደለም። የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ በጦር ሜዳ የከፈለው ዋጋ መንዛሪው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ፋብሪካው የሚሠራው ሸማኔው የሚሠራውን ነው፤ ልዩነቱ በብዛቱና በፍጥነቱ ነው። ከቆላ የመጣው ጥጥ ከቆሻሻው ይለያል፤ በማበጠሪያ መኪና ይበጠራል፤ ተስቦና ተጠምዝዞ ክር ይሆናል። ክሩ ይዳወራል፤ ድር የሚሆነው እንዳይበጠስ በማጠንከሪያ ውሃ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በመሸመኛው መኪና ላይ ማጉ በድሩ መካከል እየተወረወረ ጨርቅ ይወጣል። ጨርቁ ይነጣል ወይም ይቀለማል፣ ይተኮሳል፣ ይጠቀለላል። ደብረ ወርቅ ላይ አንዲት ሴት ክረምቱን በሙሉ የምትፈትለውን ክር፣ መኪናው በጥቂት ጊዜ ይፈትለዋል።

ለዚህ ሥራ ሰው አስፈለገ። ከጎጃምና ከበጌምድር ወጣቶች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ወደ ባሕር ዳር ወረዱ። ፀሐይ ስትወጣ ወደ እርሻ ይሰማራ የነበረ ልጅ በሰዓት መግባትን፣ በፈረቃ መሥራትን፣ ደመወዝ ፈርሞ መቀበልን ተማረ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ሌላ ነው። የካህን ልጅ፣ የባለርስት ልጅና የሸማኔ ልጅ በአንድ መኪና ፊት ጎን ለጎን ቆሙ። በደጋው አገር «ሸማኔ» ብሎ መጥራት ስድብ በነበረበት ዘመን፣ እዚህ ጨርቅ መሥራት ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ሰው የሚመኘው ሥራ ሆነ። የምኒልክ ዐዋጅ በቃል ያዘዘውን ፋብሪካው በተግባር አሳየው። እንደ እኛ አስተያየት ከዚያ ግቢ ከወጣው ጨርቅ ሁሉ የሚበልጠው ምርት ይህ ነው።

ውሃው መብራት፣ ትምህርቱ ሙያ ሆነ

መኪና ያለ ኃይል አይዞርም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዓባይ ከገደል ይወድቃል፤ ጢሱ ከሩቅ ስለሚታይ «ጢስ ዓባይ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 በዚህ ቦታ ሦስት ተርባይኖች ያሉት፣ 11 ሺህ ኪሎ ዋት ያህል የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተመርቆ ለፋብሪካውና ለከተማው ኃይል መስጠት ጀመረ። ዓባይ በአገሩ ለኤሌክትሪክ ሥራ የተጠመደው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ግድም 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ፣ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚሰጠው ጣና በለስ ተከተሉ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። የዚህ ሁሉ ታናሽ መነሻ፣ የሽመና መኪኖችን ለማዞር የተሠራው ያ ማመንጫ መሆኑን መርሳት አይገባም።

መኪናና ኃይል ቢገኝም ባለሙያ ከሌለ ከንቱ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። ተማሪዎቹ የጨርቃ ጨርቅን፣ የብረታ ብረትን፣ የእንጨት ሥራን፣ የኤሌክትሪክንና የእርሻ መሣሪያን ሙያ ይማሩ ነበር። እዚህም ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ብረት ቀጥቃጩ፣ አናጢውና ሸማኔው ሲናቁበት የኖሩት ሙያ፣ የመንግሥት ተማሪ ቤት የዲፕሎማ ትምህርት ሆነ።

ከተማውም እንዲሁ በዘፈቀደ አልተተወም። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የከተማውን ፕላን አዘጋጁ። ሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች፣ በመካከላቸውና በዳራቸው የተተከሉት ዘንባባዎች፣ የፋብሪካው ሠፈር ከመኖሪያው መለየቱ ሁሉ የዚያ ዘመን አሳብ ነው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ለሕዝቡ ቆመ። ዓባይን ቍልቍል በሚያይ የቤዛዊት ኮረብታ ላይ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ የአገሪቱ ዋና ከተማ ወደዚህ ሊዛወር ይታሰብ እንደ ነበረም ይወራ ነበር። ዋና ከተማ ባይሆንም ወሬው ብቻውን መንደሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ያሳያል።

ከተማው ፋብሪካውን ሲበልጠው

በዓለም ላይ በአንድ ፋብሪካ የቆሙ ብዙ ከተሞች ፋብሪካው ሲደክም አብረው ደክመዋል። በእንግሊዝ አገር በላንካሺር የነበሩት የጥጥ ከተሞች ለዚህ ምስክር ናቸው። ባሕር ዳር ግን ከዚህ ዕጣ አመለጠ። ምክንያቱም ከፋብሪካው ጎን ትምህርት ቤቱ አብሮ ስለ ተተከለ ነው። ፖሊቴክኒኩና በኋላ የተቋቋመው የመምህራን አካዳሚ ተጣምረው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የጨርቃ ጨርቁ ትምህርትም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ሆኖ የፋሽንን ሙያ ጨመረ።

ከተማው የአማራ ክልል መዲና ከሆነ ወዲህ ደግሞ እድገቱ እጥፍ ድርብ ሆነ። በ1976ቱ ቆጠራ 54,800 የነበረው ነዋሪ በ1987ቱ ቆጠራ 96,140 ደረሰ። በ1999 ዓ.ም. በሥሩ ካሉት ትናንሽ ከተሞች ጋር 180,174 ሆኖ ተቈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኔስኮ ባሕር ዳርን የሰላም ከተሞች ሽልማት ሰጣት። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ አፍሪካ ጸጥታ የሚመክረው የጣና ፎረም በዚሁ ከተማ ሲሰበሰብ ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር ደግሞ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። የሞጣውን ሰባራ ድልድይ አይቶ የመጣ መንገደኛ ይህን ሲያይ የሚሰማውን ለመናገር ብዙ ቃል አያሻም።

የቀረው ዕዳ

ምስጋናው እንዲህ ከሆነ ዕዳውም መነገር አለበት። ባሕር ዳር ያላትን ሁሉ ያገኘችው ከውሃ ነው። ውሃው ግን ብድሩን በሙሉ አላገኘም። የጢስ ዓባይ ውሃ ወደ ማመንጫው ሲዞር፣ ኋላም የጣና ውሃ በበለስ በኩል ሲሄድ ፏፏቴው ከዓመቱ በሚበዛው ጊዜ የቀድሞ ግርማውን አጣ። ከፋብሪካና ከከተማ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ዓባይ ራስ ሲገባ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የሚባለው አረም ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ ወርሮ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን አስጨንቋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ ላይ መጻፉ ክብር ነው፤ ነገር ግን ክብር በመዝገብ ብቻ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ዕዳ የሰው ነው። ከተማው ሳይወለድ በፊት በዚያ ዳርቻ የነበሩት የደንገል ታንኳ ሠሪዎች፣ ጎዳናውና ሆቴሉ ወደ ውሃው በቀረበ ቍጥር ከሠፈራቸው እየተነሡ ወደ ዳር ተገፍተዋል። ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ በጎረቤት ዘንድ የመናቃቸው ልማድም ገና ፈጽሞ አልተነቀለም። እንግዲህ በልብ ይያዝ ያልነው ነገር ይህ ነው። ሸማኔውን ከንቀት ያወጣ ከተማ፣ ታንኳ ሠሪውን በንቀት ሊተወው አይገባም። ጥጡን ጨርቅ ማድረግ ሙያ ከሆነ፣ ደንገሉን መርከብ ማድረግም ሙያ ነው። ደግሞም ታንኳ ሠሪው ከማንም ይልቅ የሐይቁን ጠባይ ያውቃል፤ ደንገል ሲጠፋ፣ ዓሣ ሲያንስ፣ አረም ሲበዛ አስቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዕዳዎች አንድ ናቸው፤ ሐይቁን የሚጠብቅ ከተማ የሐይቁን ሰው መጠበቅ አለበት።

ከደብረ ወርቅ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ፣ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። በዚያች አንድ ቀን ግን ብዙ ዘመን ይታያል፤ ደብር የተከለው ከተማ፣ ወይዘሮ ያቋቋሙት ከተማ፣ ጦርነት የሰበረው ድልድይ፣ በጦርነቱም ካሣ የቆመው ፋብሪካ። አሮጌዎቹ ከተሞች ሃይማኖትንና ትምህርትን ጠብቀው አቆዩልን፤ አዲሱ ደግሞ የእጅን ሥራ አከበረልን። አንዱ ድር፣ ሌላው ማግ ነው። ድር ያለ ማግ፣ ማግም ያለ ድር ጨርቅ እንደማይሆን ደግሞ ሸማኔው ከሁላችንም ቀድሞ ያውቀዋል።